ኤክስፒን ከዊንዶውስ 11 ጋር ማገናኘት፦ ከአንድ ማተሚያ ቤት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 2018፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ቦታው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ባነር፣ ስቲከርና ቢዝነስ ካርድ ይሠራሉ። የስቲከር መቁረጫው፣ ማለትም ከተሩ፣ የሚታዘዘው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ዲዛይን ክፍል ሁለት ዊንዶውስ 7 አለ። ሒሳብ ክፍል ዊንዶውስ 10። ባለቤቱ በቅርቡ የገዙት ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ነው።

እስካሁን ፋይል የሚመላለሰው በፍላሽ ነው። ደንበኛ ይዞት የመጣው ፍላሽ ዲዛይን ክፍል ይሰካል፤ ከዚያ ሌላ ፍላሽ ወደ ከተሩ ይሄዳል። በዚህ መሀል ሾርትከት ቫይረስ ቤቱን ሁሉ ለምዶታል። ፎልደሩን ይደብቅና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሠራተኞቹ ሥራው ጠፋ ብለው ያንኑ ዲዛይን እንደ አዲስ የሠሩበት ጊዜ አለ። ፋይሉ ግን ተደብቆ እዚያው ነበር።

«ኤክስፒውን ለምን አትገላገሉትም?» ብዬ መጀመሪያ ጠየቅሁ። የከተሩ ሶፍትዌር ያለ ዶንግል አይከፈትም፤ ዶንግል ማለት የሶፍትዌሩን ፈቃድ የሚያረጋግጥ ትንሽ ተሰኪ ዕቃ ነው። ዶንግሉ የሚሰካው ድሮ ፕሪንተር ይሰካበት በነበረው ሰፊው ፓራለል ፖርት ነው። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ፖርት የለም። ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይረው ገመድ ለፕሪንተር ብቻ ስለተሠራ ዶንግሉን አያሳይም። ኤክስፒን በዊንዶውስ 10 ላይ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር በተፈጠረ ኮምፒውተር ውስጥ፣ አስኬጄ አየሁ፤ እሱም ዶንግሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። መቁረጫው ራሱ ግን ጤነኛ ነው። ባለቤቱ ነገሩን በአጭሩ ጨረሱት፦ «ልጄ፣ ማሽኑ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። አንተ እንዲግባቡ ብቻ አድርግልኝ።»

ስለዚህ ሥራው ይህ ነው። ዲዛይነሯ ሴቭ ያደረገችውን ፋይል ከተሩ ጋ ያለው ልጅ ከወንበሩ ሳይነሳ ማግኘት አለበት።

ኬብሉ

ከሶፍትዌር በፊት ገመድ። ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው፤ ምክንያቱም የገመድ ችግር የሶፍትዌር ችግር መስሎ ሰው ያደክማል።

ከዲዛይን ክፍል ኤክስፒውን ፒንግ ሳደርገው፣ ማለትም መልስ እንዲሰጥ ትንሽ መልእክት ስልክለት፣ ምንም መልስ የለም። ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ። ኤክስፒው ላይ በእጅ የተሞላው አድራሻ በ192.168.0 የሚጀምር ነው። ይህ ከድሮው ራውተር የቀረ ነው። አሁን ያለው ራውተር የሚያድለው በ192.168.1 የሚጀምር ነው። ለኤክስፒው 192.168.1.20 ሰጠሁትና ራውተሩ ይህን ቁጥር ለሌላ እንዳያድል የሚያድልበትን ክልል ከ100 በላይ አደረግሁት። ፒንጉ መለሰ።

ግን ትልቅ ፋይል ሲላክ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። የፒንጉን መጠን ወደ 1400 ባይት ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት። አሁን ከሚላኩት ብዙዎቹ ይጠፋሉ። በትንሹ ፒንግ ይህ አይታይም፤ ብዙ ሰው «ፒንግ ይመልሳል፣ ስለዚህ ኔትወርኩ ደህና ነው» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው።

ኬብል ቴስተሩን ሰካሁት። ስምንቱም መብራት በተራ በራ፤ በቴስተሩ ዓይን ገመዱ ደህና ነው። ጃኩን በባትሪ መብራት ሳየው ግን ነገሩ ተገለጠ። ገመዱን የሠራው ሰው ቀለማቱን ጥንድ በጥንድ ደርድሯቸዋል፦ ብርቱካናማው ከነጩ ጋር፣ አረንጓዴው ከነጩ ጋር፣ ሰማያዊው ከነጩ ጋር፣ ቡናማው ከነጩ ጋር። ለዓይን ያምራል። ኔትወርክ ካርዱ ግን አንደኛና ሁለተኛውን ፒን እንደ አንድ ጥንድ፣ ሦስተኛና ስድስተኛውን ደግሞ እንደ ሌላ ጥንድ ነው የሚጠቀመው። በዚህ አደራደር ሦስተኛው ከአረንጓዴው ጥንድ፣ ስድስተኛው ከሰማያዊው ጥንድ ይወሰዳሉ። አብረው ያልተጠማዘዙ ሽቦዎች አንድ ሲግናል ሲሸከሙ የጎረቤቱን ድምፅ ይሰበስባሉ። ገመዱ አጭር ቢሆን ኖሮ ምናልባት ችሎ ይሠራ ነበር። ይህ ግን ግድግዳውን ዞሮ የሚሄድ ረጅም ነው። በሁለቱም ጫፍ አደራደሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ርካሹ ቴስተር ልዩነቱን ሊያየው አይችልም።

ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ በቢ ደረጃ ሠራሁት፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ትልቁ ፒንግ አንድም ሳይጠፋ አለፈ። ወጪው ጃኮቹ ብቻ ናቸው፣ አንዱ 15 ብር። ክሪምፐሩ የራሴ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት፦ ከዊንዶውስ 7 ወደ ኤክስፒ

የመጀመሪያው ሐሳብ የተለመደው ነበር። ኤክስፒው ላይ ፎልደር ሼር ማድረግ፣ ሌሎቹም ገብተው ፋይል እንዲያስቀምጡበት።

ኤክስፒው ወርክግሩፑ ላይ ሌላ ስም ይዟል። አስተካከልሁት፤ ግን ብዙ ጊዜ አላጠፋሁበትም። የወርክግሩፕ ስም የሚጠቅመው «ኔትወርክ» የሚለው መስኮት ውስጥ ኮምፒውተሮቹ ተሰብስበው እንዲታዩ ነው። እዚያ መስኮት ውስጥ መታየትና መገናኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዝርዝሩን የሚይዘው አንድ ተመራጭ ኮምፒውተር ነው፤ አዲስ የመጣ ስም እስኪመዘገብ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ የጠፋውም ቶሎ አይሰረዝም። ስለዚህ አይከኑን ከመጠበቅ ራን ላይ \\192.168.1.20 ብሎ በቀጥታ መጥራት ይሻላል። ከተከፈተ ተከፈተ፤ ካልተከፈተ የሚሰጠው የስህተት መልእክት ወዴት እንደምትሄድ ይነግርሃል።

ፋየርዎሉ ዝግ ነበር። ኤክስፒ ከሰርቪስ ፓክ 2 ጀምሮ ፋየርዎሉ ራሱ ይነሳል። «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» የሚለውን ከኤክሴፕሽን ዝርዝሩ ውስጥ ምልክት አደረግሁበት። ይህ 139 እና 445 የተባሉትን በሮች ለራሱ ኔትወርክ ብቻ ይከፍታል።

ከዚያ ሲምፕል ፋይል ሼሪንግን አጠፋሁ። እሱ በርቶ ሲቀር ኤክስፒ ከኔትወርክ የመጣን ሰው ሁሉ በእንግዳነት ያስገባዋል። ማን ምን እንደነካ አይታወቅም፤ ፈቃድ መለየትም አይቻልም። ለዲዛይን ክፍል አንድ ዩዘር ከነፓስወርዱ ከፈትሁ። ፓስወርድ የሌለው ዩዘር በኔትወርክ በኩል እንዳይገባ ኤክስፒ ራሱ ይከለክላል፤ ስለዚህ ባዶ መተው አያዋጣም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። ዊንዶውስ 7ቱ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ትክክለኛውን ስሞላ «ስሙ ወይም ፓስወርዱ ልክ አይደለም» ይላል። በዚያው ስም ኤክስፒው ፊት ቁጭ ብዬ ስገባ ግን ይከፈታል። ፓስወርዱን ቀየርሁ። ያው ነው። የድሮ ግንኙነት ተይዞ እንደሆነ ብዬ በኔት ዩዝ ትእዛዝ ሁሉንም አጠፋሁ። ያው ነው።

ፍንጩን ያገኘሁት ሼር ከተደረገው ፎልደር ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የተቀመጠ የስቲከር ፋይል ቀኑ 2018 ይላል፣ ወሩ 3። ሰዓቱን ከፈትሁት። ኮምፒውተሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 2018 ላይ ነው ያለው። እውነተኛው ቀን ግን ኖቬምበር 2025 ነው።

ከተሩ ጋ የሚሠራውን ልጅ ጠየቅሁት። «ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ቀኑ ይጠፋል። ኤፍ1 እጫንና ቀኑን አስተካክላለሁ» አለኝ። የሚያስተካክለው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ ነው። ኅዳር ሦስተኛ ወር፣ ዓመቱ 2018። እሱ ሥራውን በደንብ ነው የሠራው፤ ይህ ኮምፒውተር በሌላ ካላንደር እንደሚቆጥር የነገረው ሰው አልነበረም።

ቀን ከፓስወርድ ጋር ምን አገናኘው? ከቪስታ ጀምሮ ያሉት ዊንዶውሶች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት ኤንቲኤልኤም ቨርዥን 2 በሚባለው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ከሚላከው መልስ ውስጥ የሰዓት ማህተም አለ። ተቀባዩ ኤክስፒ ማህተሙን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያየዋል። ልዩነቱ ከ36 ሰዓት በላይ ከሆነ መልሱን ጊዜ ያለፈበት አድርጎ ይጥለዋል። ለተጠቃሚው የሚያሳየው ግን የፓስወርድ ስህተት ነው። የሰባት ዓመት ልዩነት ይዞ ማንም ሊገባ አይችልም።

ቀኑን አስተካከልሁ። በዚያው ቅጽበት ገባ።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ሞታለች። ማታ ቤቱን ሲዘጉ ዋናውን ማብሪያ ስለሚያወርዱት ኮምፒውተሩ ሰዓቱን የሚይዝበት ምንም ኃይል አይኖረውም። አዲስ ባትሪ፣ 100 ብር። በማግስቱ ጠዋት ቀኑ በቦታው ነበር። እንደኛ አገር መብራት በሚመላለስበት ቦታ አሮጌ ኮምፒውተር ለማገናኘት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ። ቀኑን፣ ወሩን፣ በተለይ ዓመቱን።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ዊንዶውስ 10 እና 11

ዲዛይን ክፍል ሠራ። ሒሳብ ክፍል ግን እምቢ አለ። ዊንዶውስ 10 መልእክቱን በግልጽ ነው የሚጽፈው፦ ይህ ሼር ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን ጊዜ ያለፈበት የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል ይፈልጋል፣ አስተማማኝ ስላልሆነ አላገናኝም ይላል። የባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ «የኔትወርኩ መንገድ አልተገኘም» ብቻ ነው የሚለው፤ በ70035 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር አለው።

ኤክስፒ የሚናገረው ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ኤስኤምቢ 2 የመጣው ከቪስታ ጋር በ2006 ነው። ዊንዶውስ 7 ሁለቱንም ይችላል፤ ለዚህ ነው ሳያጉረመርም የገባው። ከ2017ቱ 1709 ከሚባለው እትም ወዲህ ግን ዊንዶውስ 10 እንደ አዲስ ሲጫን ኤስኤምቢ 1 አብሮ አይነሳም።

የዊንዶውስ ፊቸሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ማብራት ይቻላል። ሒሳብ ክፍሉ ላይ አብርቼ ሞከርሁት፤ ወዲያው ሠራ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሥራው አለቀ ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኔ መልሼ አጠፋሁት። ምክንያቴን ለባለቤቱም ነግሬያቸዋለሁ።

በ2017 ሜይ ወር ላይ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ150 በላይ አገር ገባ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። የተሰራጨው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ በኩል ነው። ሰው አንድም ነገር ሳይነካ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠቱን በ2014 ያቆመ ቢሆንም፣ ነገሩ ስለከፋ ለእሱም ለብቻው አወጣ። እዚህ ያለው ኤክስፒ ላይ ያ ማስተካከያ ተጭኗል ወይ ብዬ አየሁ። አልተጫነም። በንጹሕ ፍላሽ አምጥቼ ጫንሁት።

ያም ሆኖ የሒሳቡ ፋይል ያለበትን ኮምፒውተር ለአንድ መቁረጫ ብዬ ወደ ኋላ መመለስ አልፈለግሁም። አሮጌው ማሽን አርጅቷል ተብሎ አዲሶቹ ሁሉ በራቸውን መክፈት የለባቸውም።

አቅጣጫውን መገልበጥ

ሁሉም ወደ ኤክስፒ ከሚሄድ ኤክስፒም ሌሎቹም መሀል ላይ ወዳለ አንድ ማሽን ይምጡ። መሀሉ ላይ ያለው ከኤክስፒ ጋር በድሮው፣ ከአዲሶቹ ጋር በአዲሱ ፕሮቶኮል ይነጋገር። ኤክስፒው ፋይል ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ተቀባይ ብቻ ይሆናል፤ ሼሪንጉን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይቻላል።

ዕቃ ክፍል ውስጥ አቧራ የጠጣ ኮር ቱ ዱዎ ዴስክቶፕ ነበር። ፋኑን አጸዳሁ፣ የፕሮሰሰሩን ፔስት ቀየርሁ። ሀርድ ዲስኩ ሲነሳ ስለሚንቋቋ አላመንሁትም፤ ትንሽ ኤስኤስዲ ከመርካቶ ወደ 2,500 ብር ተገዛ። ያገለገለ ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ 500 ብር። ዴቢያን ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ከዊንዶውሶች ጋር ፋይል የሚያጋራው ሳምባ የተባለ ፕሮግራም ነጻ ናቸው።

ሁለተኛው ካርድ ለኤክስፒው ብቻ ነው። የኤክስፒው ገመድ ከቢሮው ስዊች ተነቅሎ ወደዚህ ካርድ ገባ፤ አድራሻውም በ192.168.50 የሚጀምር ሌላ ቤተሰብ ሆነ። ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ውጭ መውጫ በር፣ የሚለውን ባዶ ተውሁት። ሊኑክሱ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ትራፊክ እንዳያሳልፍ ፎርዋርዲንጉ ጠፍቷል። ኤክስፒው አሁን ኢንተርኔት የለውም፣ ሒሳብ ክፍሉንም አያየውም። የሚያየው አንድ ፎልደር ብቻ ነው።

ሳምባ ላይ ሁለት ነገር አስቸገረ። አንደኛ፣ ከ4.11 እትም ወዲህ ሳምባም ከኤስኤምቢ 2 በታች አይቀበልም። ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ «ሰርቨር ሚን ፕሮቶኮል» የሚለውን ኤንቲ1 (ኤስኤምቢ 1 ማለት ነው) ብዬ ዝቅ አደረግሁት። ይህ ዝቅተኛውን ወለል ብቻ ነው የሚያወርደው፤ አዲሶቹ ዊንዶውሶች እንደ ድሮው በኤስኤምቢ 3 ነው የሚገቡት። በኤስኤምቢስቴተስ ትእዛዝ አረጋገጥሁ፦ ላፕቶፑ 3.1.1፣ ዊንዶውስ 7ቶቹ 2.1፣ ኤክስፒው ኤንቲ1።

ሁለተኛው የማንነት ማረጋገጫው ነው። ኤክስፒ ሳይነካ ሲቀር የሚልከው የድሮውን ኤንቲኤልኤም ነው፤ ሳምባ ደግሞ ቨርዥን 2ን ብቻ ይቀበላል። ሳምባውን ማላላት ይቻል ነበር። ይልቅ ኤክስፒውን ከፍ ማድረግ መረጥሁ። ሎካል ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ «ላን ማናጀር ኦተንቲኬሽን ሌቭል» የሚለውን «ኤንቲኤልኤም ቨርዥን 2 ብቻ ላክ» ወደሚለው ቀየርሁት። ይህ መስኮት ያለው በኤክስፒ ፕሮፌሽናል ላይ ነው፤ ሆም እትም ላይ በሬጅስትሪ በኩል መሄድ ያስፈልጋል። ሪስታርት ተደረገ፣ የሳምባው ፎልደር የተያያዘበት ዜድ ድራይቭ ተከፈተ።

ለእንግዳ የሚከፈት ሼር አላደረግሁም። ሁሉም ሰው የራሱ ስምና ፓስወርድ አለው። አዲሱ ላፕቶፕ የ2024ቱ 24ኤች2 እትም ስለሆነ እንግዳን አይቀበልም፤ መልእክቱ ሁሉ እንዲፈረምም ይጠይቃል። በስምና በፓስወርድ ሲገባ ሳምባ ይህን ያለ ጭቅጭቅ ያሟላል።

ባዮሱ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ አደረግሁ። ያለው ዩፒኤስ ላይም ተሰካ። ጠዋት ኤክስፒው ቀድሞ ከተነሳ ዜድ ላይ ቀይ ኤክስ ይታያል፤ ሁለቴ ክሊክ ሲደረግ ይከፈታል። ልጁን አሳይቼዋለሁ።

አራተኛው ሳምንት፦ የአማርኛ የፋይል ስም

ሁሉም ይሠራል፣ ግን አንዳንድ ፋይል ከተሩ ላይ አይከፈትም። የማይከፈቱት ስማቸው በአማርኛ የተጻፈ ነው። ኤክስፒው ላይ ስሙ የሣጥን ረድፍ ሆኖ ይታያል። ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፊደል ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ስለሆነ እዚህ የለም። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ፎንት በመጫን ባለፈ ነበር። የከተሩ ሶፍትዌር ግን የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን ዩኒኮድ አያውቅም። ስሙን ሲጠይቅ የሚደርሰው የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው፤ እንዲህ የሚባል ፋይል ደግሞ የለም። ለአረብኛ ወይም ለሩስያኛ ቢሆን የድሮ ፕሮግራሞችን ቋንቋ መቀየር ይቻላል። ለአማርኛ ግን ዊንዶውስ ውስጥ እንዲህ ያለ የድሮ ኮድ ገጽ የለም። ቅር የሚያሰኝ ነው፤ ግን ከዚህ ማሽን የሚጠበቀው ይኸው ነው።

መፍትሔው ከዲዛይነሯ ጋር የተስማማነው ነው። ወደ ከተሩ ፎልደር የሚገባ ፋይል በትዕዛዝ ቁጥሩ ብቻ ይሰየማል። 0412፣ 0413 እያለ ይሄዳል። የደንበኛው ስም በአማርኛ እንደተጻፈ በዲዛይን ፎልደሩ ውስጥ ይቆያል። ደረሰኙ ላይም ያው ቁጥር ስላለ ከተሩ ጋ ያለው ልጅ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

የደንበኛ ፍላሽም ከአሁን በኋላ የሚሰካው ሊኑክሱ ላይ ነው። ሾርትከት ቫይረሱ እዚያ አይነሳም፤ የተደበቁት ፎልደሮችም እንዳሉ ይታያሉ። ዲዛይነሯ ከዚያ በኔትወርክ ትወስዳለች።

ዊንዶውስ 7ቶቹ ላይ ኤስኤምቢ 1ን ዘጋሁ። አሁን አያስፈልጋቸውም።

የቀረው የኤክስፒው ዲስክ ነው። ከጠፋ ሶፍትዌሩን መልሶ የሚጭን ሲዲ የለም። ያገለገለ አይዲኢ ዲስክ መርካቶ ፈልጌ፣ የኤክስፒውን ዲስክ እንዳለ በክሎንዚላ ፕሮግራም ገለበጥሁበት። በተገለበጠው ዲስክ አስነሥቼ ዶንግሉን አየ፣ ዜድ ተከፈተ፣ ከተሩ የሙከራ ስቲከር ቆረጠ። ዋናውን ዲስክ መልሼ ገጠምሁ፤ ቅጂው ቀን ተጽፎበት ባለቤቱ ካዝና ውስጥ ገባ። ጥር ላይ ተመልሼ እንደገና እገለብጠዋለሁ፣ ያኔ የሁለቱን ዊንዶውስ 7 ነገርም እናነጋግራለን።